ስንቋን ከባሕር ዳር የምትጠብቅ ወፍ

በበጋ ወራት በቀይ ባሕር አሸዋማ ጠረፍ የሚመላለስ ሰው፣ ማዕበሉ ሲያፈገፍግ እየተከተለች፣ ሲመለስም ከፊቱ እየሸሸች ያለ ዕረፍት የምትሮጥ ትንሽ ነጭ ወፍ ለማየት ይችላል። ስለ አዕዋፍ የሚመራመሩ ሰዎች ሳንደርሊንግ ይሏታል። ርዝመቷ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቷ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ግራም ነው። ማዕበሉ ገልጦ የሚተወውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ከእርጥብ አሸዋ ውስጥ እየለቀመች ትኖራለች።

ትውልዷ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በግሪንላንድ፣ በሰሜን ካናዳና በሳይቤሪያ የበረዶ አገር በምድር ላይ ነው። አጭሩ የሙቀት ወራት ሲያልፍ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ደቡብ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ጠረፎች ትወርዳለች። በዚህ ሁሉ ጉዞ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቃት የለም፤ ነገር ግን በየመንገዱ ማረፊያና ስንቅ ያስፈልጋታል።

ስንቁ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ በአሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ የሚገኘው የደላዌር ባሕረ ሰላጤ ያስረዳል። በግንቦትና በሰኔ ቅርፉ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ባለ ጋሻ የባሕር ፍጥረት ወደ ዳር ወጥቶ በአሸዋው ውስጥ እልፍ አእላፍ እንቁላል ይጥላል። ሳንደርሊንግና ሌሎችም መንገደኞች አዕዋፍ ይህን እንቁላል በልተው፣ ሰብተው፣ ወደ ሰሜን ይበርራሉ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ይህ ፍጥረት ለዓሣ ማጥመጃ መብል እየተባለ ያለ ልክ ተሰበሰበ። በዐሥሩ ዓመት መጨረሻ በአትላንቲክ ጠረፍ በዓመት የሚያዘው ከ2 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። እንስሳው ለመራባት የሚደርሰው ከ9 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ የተወሰደው ቶሎ አልተተካም፤ እንቁላሉም አነሰ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የሳንደርሊንግ ዘመድ የሆነው፣ ኖት የሚባለው ወፍ ነው።

ከዚህም የተነሣ የጠረፉ ግዛቶች በ1998 ዓ.ም. የጋራ ደንብ አወጡ፤ የኒው ጀርዚ ግዛት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ማጥመዱን ፈጽሞ በሕግ ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ወደ ደላዌር የሚመጣውን የኖት ዝርያ ሥጋት ካለባቸው ፍጥረታት መዝገብ አገባው። ይሁን እንጂ በዚያ ባሕረ ሰላጤ የኖት ብዛት ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ትርፉን ትቶ ዋናውን ገንዘብ የሚበላ ነጋዴ ሱቁን መዝጋቱ እንደማይቀር የታወቀ ነው። ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ደንብም የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ስለዚህ አሸዋው ተጭኖ የሚወሰድበትን፣ ዘይት የሚፈስበትን ወይም ዓሣው ያለ ልክ የሚጠመድበትን ጠረፍ አስቀድሞ መጠበቅ የገዢውም የነጋዴውም ፈንታ ነው። በአንዱ አገር ዳርቻ የሚደረገው ነገር በሌላው አገር ሰማይ ላይ ይታያልና፣ ይህች 60 ግራም የማትሞላ ወፍ በየዓመቱ መጥታ አደራው መጠበቁን ትመረምራለች።