የመኪና ፍጥነት መለኪያ እውነቱን ይናገራልን?

እናቶቻችን ከገበያ እህል ሲገዙ ሚዛኑን ሳያዩ ገንዘብ አይሰጡም። ሚዛኑ ያዘነበለ መስሎ የታያቸው እንደ ሆነ «እስቲ በሌላ ሚዛን ይመዘን» ይላሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ከአንድ ኪሎ ጤፍ እጅግ የሚበልጥ ነገር፤ ይኸውም የሰው ሕይወት የሚመካበት አንድ መለኪያ አለ፤ እርሱን በሌላ መለኪያ አስተያይቶ የሚመረምር ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህም በሾፌሩ ፊት ለፊት የሚገኘው የመኪናው የፍጥነት መለኪያ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አጎቴ ለሥራቸው የሚመላለሱበት አሮጌ የቤት መኪና ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ ወደ ባቱ፤ ማለት ወደ ቀድሞዋ ዝዋይ፤ ብዙ ጊዜ ይነዳሉ፤ እኔና ታናሽ እኅቴም አልፎ አልፎ አብረናቸው እንሄዳለን። ጥንቁቅ ሰው ስለ ሆኑ ከከተማ ውጭ መርፌውን ከ80 አያሳልፉም። ታዲያ መርፌው 80 በሚልበት ጊዜ ስልኬ ከሳተላይት ተቀብሎ 75 ያህል ማሳየቱን ስመለከት «ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ በልቤ መጣ። የጥያቄውን መልስ ለማግኘት የሚያስፈልገው በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ፍጥነት ማለት የተሄደው ርቀት በፈጀው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በመኪናዎች ላይ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየውን የፍጥነት መለኪያ የፈለሰፈው ኦቶ ሹልዘ የተባለ የስትራስቡርግ ሰው ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። ከካምቢዮው የሚነሣ ቀጭን የሽቦ ገመድ ጎማው በዞረ መጠን እየዞረ እስከ ሾፌሩ ሰሌዳ ይደርሳል። በገመዱ ጫፍ ትንሽ ማግኔት አለ፤ ማግኔቱንም ሳይነካው የከበበው የአሉሚኒየም ጽዋ አለ። መርፌው የተተከለው በዚህ ጽዋ ላይ ነው።

አሉሚኒየም እንደ ብረት በማግኔት አይሳብም። ነገር ግን ማግኔቱ ሲዞር በጽዋው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ጅረቱም በበኩሉ የራሱን የማግኔት ኃይል ስለሚፈጥር ጽዋው ማግኔቱን ተከትሎ ለመዞር ይታገላል። እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማግኔቱ ፈጥኖ በዞረ ቍጥር ጽዋውን አብልጦ ይጐትተዋል፤ መርፌውም የሚቆመው የማግኔቱና የሞላው ኃይል እኩል በሚሆኑበት ቦታ ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች ገመዱ ቀርቶ በካምቢዮው ወይም በጎማው አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ዙሩን እየቈጠረ ቍጥሩን በሽቦ ይልካል።

አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር እነሆ፤ አሮጌውም ሆነ አዲሱ መሣሪያ መንገዱን አይለካም። የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ብቻ ነው። አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሚያስኬድ ፋብሪካው አስቀድሞ ወስኖለታል። ስለዚህ የጎማው መጠን የተለወጠ እንደ ሆነ መሣሪያው ሳይበላሽ ውሸት መናገር ይጀምራል።

መርፌው ለምን አብልጦ ያሳያል?

ማንኛውም መሣሪያ ፍጹም አይደለም። ይህን ስለሚያውቁ መኪና ሠሪዎች መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት አብልጦ እንዲያሳይ ሆን ብለው ያደርጋሉ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብም ይህንኑ ያዝዛል። በደንቡ መሠረት መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ማሳየት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። አብልጦ ቢያሳይ ግን ልዩነቱ ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ ዐሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ለምሳሌ መኪናው በእውነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን መርፌው ከ80 እስከ 92 ሊያሳይ ይችላል፤ 79 ቢያሳይ ግን ደንቡን ተላልፏል።

እንግዲህ ይህ ልዩነት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው። ሾፌሩ ሳያውቀው ከሚያስበው ጥቂት ዝግ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል።

የጎማው ሒሳብ

በጎማ ጎን ላይ ለምሳሌ 185/65 አር 15 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ከመቶ 65 መሆኑን ያመለክታል። 15 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ኢንች መሆኑን ይገልጣል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ቸርኬው 381 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጎማው ጎን ከላይና ከታች 120.25 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በድምሩ 240.5 ይጨመርበታል። ስለዚህ አዲስ ጎማ ሳለ ጠቅላላ ቁመቱ 621.5 ሚሊ ሜትር ነው።

በዚሁ መንገድ 195/70 አር 15 የሚባለውን ጎማ ብናሰላ 654 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ሁለቱም በአንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ ለዓይንም ብዙ አይለያዩም፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ከመቶ 5 ያህል ይበልጣል። በአንጻሩ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ቁመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚቀንስ ከመቶ 2 ገደማ ያንሳል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ መርፌው ከእውነተኛው ወደ ማሳነስ ያዘነብላል፤ ያለቀ ጎማ ደግሞ ወደ ማብለጥ ያዘነብላል።

እኛ የመረመርንበት መንገድ

ምርመራውን ያደረግነው በእሑድ ማለዳ፤ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፤ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ ነው። አጎቴ ይነዳሉ፤ የክፍል ጓደኛዬ ሰዓት ይይዛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሾፌሩ ሰዓት ማየት የለበትም፤ የእርሱ ሥራ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ መንዳት ብቻ ነው።

በመንገድ ዳር ካሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች መካከል 5 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለቱን መረጥን፤ ርቀታቸውንም በስልክ ካርታ አመሳከርን። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ያልመረጥንበት ምክንያት አለ። የሰው እጅ ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም ግማሽ ሴኮንድ ያህል ሊስት ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 1 ኪሎ ሜትር 60 ሴኮንድ ብቻ ስለሚፈጅ ይህ ስሕተት ከመቶ 1 ሊጠጋ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ግን 300 ሴኮንድ ስለሚፈጅ ስሕተቱ ከቍጥር የማይገባ ይሆናል። መንገዱም ነፋስም እንዳያታልለን ሁለት ጊዜ በመሄድ ሁለት ጊዜ በመመለስ ለካንና አማካዩን ወሰድን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ 18,000ን በሴኮንዱ ብዛት ማካፈል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያገኘነው ውጤት ይህ ነው፦

መርፌው 40 ሲል 482 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 37.3 ነው።
መርፌው 60 ሲል 323 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 55.7 ነው።
መርፌው 80 ሲል 241 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 74.7 ነው።

ስለዚህ ስልኩ እውነት ተናግሯል። መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያል፤ ልዩነቱም በደንቡ ከተፈቀደው አላለፈም።

ቀጥሎም የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቈጣሪ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ መረመርነው፤ 10.2 ቈጠረ። ቈጣሪው በአጎቴ መኪና የጎማውን ዙር ያለ ጭማሪ የሚቈጥር ሆኖ ስላገኘሁት፤ ይህ ከመቶ 2 የሚሆነው ልዩነት የመጣው ከጎማው ማለቅ ነው ብዬ አሰብሁ። በእርግጥም በዚያን ጊዜ በመኪናው ላይ የነበሩት 185/65 ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ነበር። የቀረው ከመቶ 5 የሚሆነው ልዩነት ፋብሪካው ያስቀመጠው ስንቅ ነው ማለት ነው።

ጎማው ሲለወጥ

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አጎቴ አራቱንም ጎማዎች ለወጡ። ሻጩ ትክክለኛው ቍጥር እንዳለቀበት ነግሮ 195/70 ሰጣቸው፤ «ያው ነው፤ እንዲያውም መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል» አላቸው። እኛም ወደዚያው መንገድ ተመልሰን እንደገና ለካን።

መርፌው 40 ሲል 451 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 39.9 ነው።
መርፌው 60 ሲል 301 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 59.8 ነው።
መርፌው 80 ሲል 225 ሴኮንድ ፈጀ፤ እውነተኛው ፍጥነት 80 ነው።

ኪሎ ሜትር ቈጣሪው ደግሞ ለ10 ኪሎ ሜትር 9.5 ብቻ ቈጠረ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸውና «እንግዲያው አሁን ተስተካከለ ማለት ነው!» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፤ መርፌው ትክክል ሆኗል፤ ነገር ግን ስንቁ አልቋል» አልኋቸው። ነገሩን በቍጥር ሳስረዳቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ።

ቍጥሩ የሚለው ይህ ነው። አጎቴ ልማዳቸውን አልለወጡም፤ መርፌውን 80 ላይ ያቆሙታል። መኪናው ግን በፊት በ75 ይሄድ የነበረው አሁን በ80 ይሄዳል። የአንድ ተንቀሳቃሽ ነገር ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኴር እንደሚያድግ ተምረናል። ስለዚህ ፍጥነቱ ከመቶ 7 ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ከመቶ 15 ያህል ይጨምራል። በፊት ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ40 ሜትር ይቆም የነበረ መኪና አሁን 46 ሜትር ይፈልጋል። 6 ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ከፊት ለፊት መንገድ ለሚያቋርጥ ሕፃን ግን ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም የበለጠ ትልቅ ጎማ ቢገባ ኖሮ መርፌው 80 እያለ መኪናው 83 ወይም 84 ይሄድ ነበር፤ ያን ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ ቢያቆመው ሾፌሩ «እኔ ከ80 አላለፍሁም» ብሎ በቅን ልቡ ቢምልም ጥፋተኛ ይሆናል።

ሁለተኛም፤ ቈጣሪው 5,000 ሲል መኪናው በእውነት 5,260 ያህል ኪሎ ሜትር ሄዷል። የሞተር ዘይቱን በቈጣሪው የሚለውጥ ሰው ሳያውቀው ያዘገያል።

ለአንባቢዎች የማቀርበው ምክር

አንደኛ፤ የመኪናው ትክክለኛ የጎማ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ከሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ያን ቍጥር ጎማው ላይ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፤ ጎማ በሚለወጥበት ጊዜ ሁሉ መርፌውን በሰዓትና በኪሎ ሜትር ምልክት መመርመር ይገባል። ይህም ሜዳ በሆነና መኪና በማይበዛበት መንገድ፤ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳያልፉ፤ የጎማውን ነፋስ አስቀድሞ አስተካክሎ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፤ ስልክ ከሳተላይት የሚቀበለው ፍጥነት ከጎማው ጋር ግንኙነት ስለሌለው ጥሩ ምስክር ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ በግልጥ ሜዳ ሲነዳ እንጂ፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም መኪናው ሲፈጥንና ሲዘገይ ወዲያው አይታመንም። ስልኩንም የሚመለከተው ተሳፋሪ እንጂ ሾፌሩ መሆን የለበትም።

አጎቴ አሁን መርፌውን 75 ላይ ያቆማሉ፤ እነዚህ ጎማዎች ሲያልቁም የመኪናውን ትክክለኛ ቍጥር ለመግዛት ወስነዋል። እኅቴም ከኋላ ወንበር ሆና መርፌው 75 ሲያልፍ ታስታውሳቸዋለች። የክፍል ጓደኞቼም በቤታችሁ መኪና ካለ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ አንድ እሑድ ይህን ምርመራ እንድታደርጉት አደራ እላለሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት፤ አንድ እርሳስና አንድ ታጋሽ ሾፌር ብቻ ነው።