መንዝ፣ ግሼ፣ መርሐቤቴ፦ በአማርኛ ሰነዶች ላይ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ገደቦች



ኤስኪውላይት ሰርቨር ሳይሻ በመተግበሪያው ውስጥ የሚሠራ፣ በአንድ ፋይል የሚጠቃለል የመረጃ ቋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤፍቲኤስ5 የተባለ የሙሉ ጽሑፍ መፈለጊያ አካቷል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰነድ ለሚያደራጅ ሰው ምቹ መሣሪያ ነው። ሆኖም መፈለጊያው የተጻፈውን ቃል ሳያገኝ ሲቀር ባዶ ዝርዝር ብቻ ይመልሳል፤ ተመራማሪውም ባዶውን «የለም» ብሎ ያነበዋል። ጉዳዩን በሰሜን ሸዋ ሦስት ስሞች እንመርምር።

የመጀመሪያው መንዝ ነው። መደበኛው ማውጫ ጽሑፉን በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደ ቃል ይመዘግባል። «መንዝ*» የሚለው መጠይቅ «መንዝና»ን ያገኛል፤ «በመንዝ»ን፣ «ከመንዝ»ንና «የመንዝ»ን ግን አያገኝም፤ ኮከቡ የሚሠራው ከቃሉ በኋላ ብቻ ነውና። የመጨረሻው ፊደል የተለወጠበት «መንዜ»ም ያመልጠዋል። ቃልን ወደ ግንዱ የሚመልሰው ፖርተር የተባለው ስልትም ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ግሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታከለው ሌላ ማውጫ ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል እየሰነጠቀ ስለሚመዘግብ፣ «በመንዝ» ውስጥ ያለውን መንዝ ያወጣል። ነገር ግን ከሦስት ፊደል ያነሰ መጠይቅ ምንም አይመልስለትም። በእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ግሼም ሸዋም በሁለት ፊደል ያልቃሉ።

ሦስተኛው መርሐቤቴ ነው። አንዱ ጸሐፊ «መርሐቤቴ»፣ ሌላው «መርሃቤቴ»፣ ሌላውም «መርሀቤቴ» ይጽፋል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ፣ ሃ እና ሀ የተለያየ መለያ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ስለሆኑ፣ በአንዱ የፈለገ ሌሎቹን አያገኝም።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ማዘጋጀት ነው። በአንዱ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ በሌላው ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ተጠቃለው ይመዘገባሉ። መጠይቁም በዚያው ደንብ መስተካከል አለበት። ዋናውን መጣል አይገባም፤ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነውና። መነሻ ቅጥያን መቁረጥም መዝገበ ቃላት ይሻል፤ «በ»ን በጭፍን የሚቆርጥ ፕሮግራም የመንዝን በግ «ግ» አድርጎ ያስቀረዋል። እንደ ግሼ ላሉ አጫጭር ስሞች ደግሞ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ማሰስ ያስፈልጋል፤ ቢዘገይም ስሙን አያስቀርም።

ስለዚህ በዲጂታል ስብስብ ላይ ተመሥርቶ «ይህ ስም በሰነዶቹ አልተጠቀሰም» የሚል ጥናት፣ ፍለጋው በየትኛው ማውጫና በየትኞቹ አጻጻፎች እንደተካሄደ አብሮ ሊገልጽ ይገባዋል።