በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ክረምት ነበር። ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ አባቶችና እናቶች ለማታው ትምህርት ተሰብስበዋል። እኛ አስተማሪዎቹ ሦስት ነን። ሦስታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የዚያን ማታ ትምህርት ስለ ቁጥር ነበር። በሰሌዳው ላይ አንድ ምልክት ጻፍን። ምልክቱ ይህ ነው፦ %

«ይህ ምልክት ‹በመቶ› ተብሎ ይነበባል» አልን። «5% ማለት ከመቶው እጅ አምስቱ ማለት ነው።»

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጆቼ፣ ይሄንን ምልክት እኔ ቤት አይቼዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ማታ ከነጠላቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። የበረኪና ጠርሙስ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤታቸው ጥግ ተቀምጦ ኖሯል። ጠርሙሱን ከፋኖሱ አስጠግተን አብረን ማንበብ ጀመርን። እናታችን ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። «በ-ረ-ኪ-ና።» ቀጠሉ። «5%።» ቀጠሉ። «ከሕፃናት ያርቁ። ከሌላ ነገር ጋር አይቀላቅሉ።»

እዚህ ላይ ቆሙ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ይሄ ሁሉ ተጽፎ ኖሯል?» አሉ።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።

በ2012 ዓ.ም. ምን ሆነ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያን ጊዜ እኛም ደብተራችንን ይዘን ወደ ቤት የተመለስን ልጆች ነበርን። ሰው ሁሉ ተደናገጠ። ሳኒታይዘር የሚባለው የእጅ ማጽጃ አልኮል ከመደብር ጠፋ። በረኪናም ተወደደ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ በየገበያው ተፈላጊ ሆኑ። አንዱ «ይሄ ያድናል» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ያኛው ነው» ይላል።

የእናታችን ባለቤትም ገበያ ወርደው ያችን አንድ ጠርሙስ በረኪና በውድ ዋጋ ገዙ። ሻጩ «ኃይለኛ ነው» ብሏቸዋል። ሌላ ነገር አልነገራቸውም። በቤቱም ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም።

«ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። የሚሸት ነገር ይሠራል አልን» አሉ እናታችን። «ውሃ ሳንጨምር እንዲሁ እጃችንን ታጠብንበት። እጄ ተላጠ። ነጠላዬን ብነክረው ተበሳሳ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹እንዲበረታ› ብላ ሎሚ ጨመቀችበት። ዓይናችን ተቃጠለ፤ ትንፋሽ አጠረን። እየሳልን ወደ ውጭ ሮጥን።»

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ከበረኪናው ጥቂቱን በለስላሳ ጠርሙስ ቀንሰው አስቀምጠው ነበር። የልጅ ልጃቸው ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። ለስላሳ መስሎት አፉ ላይ ደገነው። አፉን ሲያቃጥለው ተፋው። ተሸክመውት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። ልጁ ተረፈ። ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

«በሽታውን ስንሸሽ በማጽጃው ልናልቅ ነበር» አሉ እናታችን።

እኛም ይህን ከሰማን በኋላ የሳምንቱን ትምህርት ለዚሁ ጉዳይ አደረግነው። ውድ አንባቢዎች፣ ለእናንተም እነሆ።

ሳሙና ስለምን ይበልጣል?

የኮሮና ተሐዋስ በዓይን አይታይም። እጅግ ደቃቅ ነው። ከላዩ የስብ ሽፋን አለው። እስቲ ቅቤ የነካ እጃችሁን አስቡ። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ብትታጠቡ ይጠራል? አይጠራም። በሳሙና ብትታጠቡ ግን ስቡ ይለቃል። ተሐዋሱም እንዲሁ ነው። ሳሙና የስብ ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ሽፋኑ ሲፈርስ ተሐዋሱ ይሞታል። ውሃው ደግሞ አጥቦ ይወስደዋል።

ስለዚህ ለእጅ ከሁሉ የሚሻለው ያው የምናውቀው ሳሙና ነው። ውድ መሆን የለበትም፤ መሽተትም የለበትም። የልብስ ሳሙናም ይሠራል። ዋናው ነገር አስተጣጠቡ ነው። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት ይገባል። ከአንድ እስከ ሃያ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ይበቃል።

ሳሙና ቢያጥርስ? ጥቂት የዱቄት ሳሙና በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጡ። ክዳኑን በትንሹ ብሱት። እየጨመቃችሁ ጥቂት ጥቂት ትጠቀማላችሁ። እንዲህ ከሆነ አንድ ከረጢት ሳሙና ቤተሰቡን ብዙ ቀን ያቆያል።

በረኪናን በልኩ

በረኪና ለእጅ አይመረጥም። ለዕቃ ነው። ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛ፣ ለመጸዳጃ ቤት ነው። በውስጡ ክሎሪን ያለበት ውህድ አለ። ተሐዋስን የሚገድለው እሱ ነው።

የክሎሪን ጉልበት ከታወቀ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ በአንድ ሆስፒታል ብዙ አራሶች በትኩሳት ይሞቱ ነበር። በሚያዝያ ወር ከመቶ አራሶች 18 ያህሉ ሞቱ። ዘመልቫይስ የሚባል ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶቹ ይመጣሉ። ስለዚህ እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሰኔ ወር የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ያህል ወረደ። በሽታውን ሲያመላልስ የነበረው የሐኪሞቹ እጅ ኖሯል።

አሁን ወደ ጠርሙሳችን እንመለስ። ልኩ እንዴት ይገኛል? የዓለም ጤና ድርጅት ዕቃ ለማጽዳት 0.1% ይበቃል ይላል። ይህ ማለት ከሺህ እጅ አንዱ ነው። 5% ደግሞ ከሺህ እጅ ሃምሳው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከሚያስፈልገን በሃምሳ እጥፍ ይበረታል ማለት ነው! በውሃ መቅጠን አለበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር በ10 አባዙ። ከዚያ 1 ቀንሱ። 5 ጊዜ 10 ሃምሳ ነው። ከሃምሳ 1 ሲቀነስ 49 ነው። እንግዲህ ለ1 ስኒ በረኪና 49 ስኒ ውሃ ያስፈልጋል። ለጥቂት ሥራ ከሆነ ደግሞ በ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል። የለካችሁበት ስኒም ሆነ ማንኪያ ከዚያ በኋላ ለቡና ወይም ለምግብ አይሁን። ምልክት አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. በሩንና መስኮቱን ክፈቱ። እጃችሁን በጓንት ወይም ባልተቀደደ ፌስታል ሸፍኑ።
2. ዕቃውን አስቀድማችሁ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ጭቃና እድፍ የበረኪናውን ጉልበት ይጨርሰዋል።
3. በረኪናውን በቀዝቃዛ ውሃ በልኩ አቅጥኑ።
4. በጨርቅ ነክራችሁ ዕቃውን አርጥቡት። ቶሎ አታድርቁት። ቢያንስ 1 ደቂቃ፣ ቢቻል እስከ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ።
5. ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ብረት ከሆነ ካላለቀለቃችሁት ይዝጋል።
6. የቀጠነው በረኪና ለነገ አይቆይም። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ።

አረቄ፣ ሎሚና አመድ

አንድ አባት ከኋላ ወንበር ተነሡ። «እኔ በዚያ ጊዜ በአረቄ ልታጠብ አስቤ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ታጠቡበት?» አልናቸው።

«ስቀዳው አሳዘነኝ፤ ጠጣሁት!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው። አልኮል እጅ ላይ ተሐዋስ የሚገድለው 60% እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የአገራችን አረቄ፣ ዳግሙም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ ከ50% በታች ነው። እንግዲህ ለእጅ ማጽጃ አይበቃም። ጠጡትም አልጠጡትም ከኮሮና አያድንም። በ2012 ዓ.ም. በኢራን አገር አልኮል መጠጣት ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬ ተነዛ። ሰዎች ሜታኖል የሚባል መርዘኛ አልኮል ያለበትን መጠጥ ጠጡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። ዓይናቸው የጠፋም አሉ።

ሎሚ፣ ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርት ለወጥና ለሰላጣ መልካም ናቸው። ዕቃ ላይ ያለ የኮሮና ተሐዋስን ለመግደል ግን የሚታመኑ አይደሉም።

አመድስ? ሳሙና ጨርሶ ከሌለ ንጹሕ የምድጃ አመድ ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል። ከምንም ይሻላል። ሳሙናን ግን አይተካም። የታመመ ሰው ልብስና አንሶላ ደግሞ ጨርቁ የሚችል ከሆነ በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውሃ ቢቀቀል ጥሩ ነው። ተሐዋሱ የፈላ ውሃ አይችልም።

ተጠንቀቁ!

በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። መርዘኛ ጢስ ይወጣዋል። የእናታችንንና የጎረቤታቸውን ትንፋሽ ያሳጠረው ይህ ጢስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ።

በረኪናን በሰው ገላ ላይ አትርጩ። ዓይንን፣ ቆዳንና ሳንባን ይጎዳል፤ ከበሽታም አያድንም።

በረኪናን በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። በራሱ ጠርሙስ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ፣ የሕፃን እጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አኑሩት።

ልጅ ከጠጣው አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። እንዲያስመልሰው አታስገድዱት። ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋልና። ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እናታችን ገበያ ወረዱ

«ታዲያ ይሄኛውስ ጠርሙስ ይሠራል?» ብለው ጠየቁን እናታችን። መልሱን ራሳቸው ከጠርሙሱ ላይ አነበቡት። የመጠቀሚያው ጊዜ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። በረኪና በተቀመጠ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። ሽታው ቢኖርም ልኩ አይታመንም።

ቅዳሜ ገበያ ወጡ። ከገበያ ሲመለሱ የሆነውን እየሣቁ ነገሩን። ሻጩ አንድ ጠርሙስ አነሣና፣ «እማማ፣ ይሄ ኃይለኛ ነው» አላቸው። እሳቸውም ተቀብለው ገለበጡት። ቀስ ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ የዚህ ጊዜው አልፏል። ያኛውን አምጣ» አሉት።

ሻጩ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ሌላ አመጣላቸው። እሱንም አነበቡት። 5% ይላል፤ ጊዜውም አላለፈም። ገዙት።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃት ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የዚያ ጊዜ ድንጋጤ አልፏል። ይሁን እንጂ በሽታ ጨርሶ ከዓለም አይጠፋም። ነገ ሌላ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜም ዕቃ ይጠፋል፤ ዋጋ ይወደዳል፤ ወሬ ይበዛል። የሚያነብ ሰው ግን ወሬውን ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል።

በመጨረሻው የትምህርት ማታ እናታችን አንድ ቁራጭ ወረቀት አሳዩን። በራሳቸው እጅ የጻፉት ነው። ፊደሉ ትንሽ ዘመም ዘመም ብሏል፤ ይነበባል ግን። በአዲሱ ጠርሙስ ላይ ሊለጥፉት ነው። እንዲህ ይላል፦

«በረኪና ነው። አይጠጣም። 1 ስኒ በ49 ስኒ ውሃ።»

መልመጃ

1. ለእጅ የሚሻለው ሳሙና ነው ወይስ በረኪና? ለምን?
2. በጠርሙሱ ላይ 4% ቢል ለ1 ስኒ በረኪና ስንት ስኒ ውሃ ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ ያለውን የበረኪና ወይም የሳሙና ዕቃ አምጡና በላዩ ላይ የተጻፈውን ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው።