«ቁስል» እና «ትኰሳ»፤ በሙቀት የታከመ አካል ጉዳት አሰያየም

ዕጢን በሙቀት የማጥፋት ሕክምና በአማርኛ ሲገለጽ፣ አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ተሸክሞ ይገኛል፤ ይኸውም «ቁስል» ነው። ከሕክምናው በፊት በሽታው «ቁስል» ይባላል፤ ከሕክምናው በኋላም ሙቀቱ ያደረሰው ጉዳት «ቁስል» ይባላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሻሚነት መርምሮ ለውይይት የሚሆኑ ስያሜዎችን ማቅረብ ነው።

በአገራችን ይህ የሙቀት ሕክምና ይበልጥ የሚታወቀው በማኅፀን በር ላይ የሚታየውን የቅድመ ካንሰር ለውጥ ለማስወገድ በመዋሉ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ቢያንስ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ መሣሪያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ለውጡ ባለበት ስፍራ ላይ ይደረጋል፤ ታካሚዋም ከዓመት በኋላ ለምርመራ ትመለሳለች። እንግዲህ ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን ተፈሪ የሄደች፣ ወይም በቴፒ ዙሪያ ቡና ስትለቅም ውላ ለሕክምና የመጣች እናት «ቁስል አለብዎት» ብትባል ምን ትረዳለች? እየሻረ ያለውን የሙቀት ጉዳት ነው ወይስ ሳይጠፋ የቀረውን በሽታ? ቃሉ በአስተርጓሚ አፍ ወደ ቤንችኛ ወይም ወደ ሸኮኛ ሲሻገርማ አሻሚነቱ እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያውን መስሏት ቀጠሮዋን ብትተው፣ የሚከተለው ጥፋት የቃል ጥፋት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛም አንድ ቃል ለሁለቱም ያገለግል ስለነበር፣ በምስል እየተመሩ ዕጢን የሚያጠፉ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣውና በ2014 በታደሰው የስያሜ ሰነድ ሁለቱን ለይቷል። ሰነዱ «የሕዋስ ሞት» የሚለው አነጋገርም በጥንቃቄ እንዲሠራበት ያሳስባል። በሙቀት የረጉ ሕዋሳት ሕይወት ባይኖራቸውም፣ በማጉያ መነጽር ሲታዩ ቅርጻቸው ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላልና።

ለሕክምናው ስም ሦስት ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ።

ሀ) ማምከን። ፈንጂን ለማምከን እንደሚነገረው ኀይልን የማሳጣት ፍች ስላለው ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን «መካን» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለ ማኅፀን በር ሲነገር «እናመክነዋለን» ማለት ልጅ መውለድን እንደ መከልከል ሊሰማ ስለሚችል መጣል ይኖርበታል።

ለ) ማቃጠል። ግልጽ ቃል ነው፤ ሆኖም ታካሚን ያስፈራል፤ የጉዳቱንም ደረጃ አይለይም።

ሐ) መተኰስ። በጋለ ብረት ሕመምን የማከም ልማድ ያቆየልን ቃል ነው። የጦር መሣሪያ ተኩስን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ሰዋስው ሁለቱን ይለያቸዋል። ጥይት ሲሆን «ተኰሰበት» ይባላል፤ ሕክምና ሲሆን ግን ተሳቢው ራሱ አካሉ ነው፤ «ዕጢውን ተኰሰው» ይባላል። ስሙንም እንደ «ቅየሳ»ና «ፍለጋ» አድርጎ «ትኰሳ» ማለት ከ«ተኩስ» ፈጽሞ ይለየዋል። ስለሆነም ጸሐፊው ይህን ይመርጣል።

የጉዳቱን ደረጃ ለመለየት ደግሞ የቡና አቆላል ቋንቋ ይረዳል። የአካሉ ሙቀት ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ሲደርስ ሕዋሳቱ ይዳከማሉ፤ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቆይ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል፤ ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል አስኳል ወዲያው ይረጋል፤ ከ105 በላይ ውሃው ተንኖ አካሉ ያርራል። ማረር የሕክምናው ግብ አይደለም። እሳት የበዛበት ቡና ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ እንደሚቀር ሁሉ፣ ያረረ አካልም ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ስለዚህ «መዳከም»፣ «መርጋት» እና «ማረር» ሳይቀላቀሉ ቢሠራባቸው ይበጃል፤ ከደም መርጋት ለመለየትም «የሙቀት ርጋት» ማለት ይቻላል።

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ቀርበዋል።

1. ከሕክምናው በፊት ያለው፦ ዕጢ፣ ወይም የቅድመ ካንሰር ለውጥ።
2. ሙቀቱ ያረፈበት፦ የትኰሳ ስፍራ።
3. ሙቀቱ ያልደረሰበት የበሽታው ክፍል፦ ቅሪት።
4. ከትኰሳው ስፍራ ጠርዝ እንደገና የሚያድገው፦ ማቆጥቆጥ።
5. በማጉያ መነጽር ሲረጋገጥ ብቻ የሚነገር፦ የሕዋስ ሞት።

አራተኛው «ማገርሸት» ያልተባለበት ምክንያት አለ። ማገርሸት ጠፍቶ የነበረ በሽታ መመለሱን ያመለክታል፤ ማቆጥቆጥ ግን ከጉቶው በላይ የተቆረጠ የቡና ተክል እንደሚያደርገው፣ ካልሞተ ሥር መብቀልን ይናገራል። የሆነውም ይኸው ነው።

«ቁስል» ከቋንቋው ይውጣ ማለት አይደለም፤ አፉን ለከፈተ ጉዳት ብቻ ይቀመጥ ማለት ነው። ተርጓሚዎች፣ በተለይም በደቡብ ምዕራብ አካባቢ ከአማርኛ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የሚያስተረጕሙ ባለሙያዎች፣ ቃላቱን በሥራ ላይ ፈትነው አስተያየታቸውን ቢሰጡ ስያሜው ይጠናል።