የዓይን ብርሃን ካልተመለሰ በኋላስ? ብሬል ለዓይነ ስውራን ያለው ጥቅም

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነስቶ ልጁን ለዓይን ሕክምና ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ድረስ የወሰደ ወላጅ የሚፈራው መልስ «ብርሃኑን መመለስ አይቻልም» የሚለው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ሁሉም ነገር እንዳበቃ ይቆጥራል፤ ልጁም ቤት ይቀራል። ሕክምናው ቢያበቃም የልጁ ትምህርት ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዋናው መሣሪያም ብሬል ነው።

መጀመሪያ ምን መረጋገጥ አለበት?

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ብርሃኑን ያጣው በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል። በትራኮማ (የዓይን ማዝ)፣ በኩፍኝ ወይም በቫይታሚን ኤ እጥረት የተጎዳ የዓይን መስታወት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ማንም ሰው በዓይን ሐኪም ሳይመረመር «አይድንም» መባል የለበትም። የልጅ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ሳይዘገዩ ይውሰዱት።

ብሬል ምንድን ነው?

ብሬል በጣት ጫፍ እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሕፈት ነው። የፈለሰፈው በልጅነቱ ዓይኑን ያጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሠራው ገና 15 ዓመቱ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት በሁለት ዓምድ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሚደረደሩ ስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ነው። ከእነዚህም 63 የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ።

የአማርኛ ፊደላት ከ200 በላይ በመሆናቸው ምልክቶቹ ለእያንዳንዱ ፊደል አይዳረሱም። በመሆኑም በአማርኛ ብሬል ድምፆቹ ተነጣጥለው ይጻፋሉ፤ «ላ» ለማለት የ«ል» ምልክት ይቀድማል፣ የ«ኣ» ምልክት ይከተላል።

ተማሪው ወፍራም ወረቀት በስሌት (ባለቀዳዳ ማስመሪያ) መካከል አስገብቶ በስታይለስ (በሹል መውጊያ) ነጥቦቹን ይወጋል። የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

በጆሮ መማር አይበቃም?

ጋይንት በድጓው በቤተልሔም፣ በዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አባ የታወቀ አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን በቃል አጥንተው ለመምህርነት መድረሳቸው ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሬዲዮና ስልክም ብዙ ያስተምራሉ። ሆኖም በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው የቃላትን አጻጻፍ አያውቅም፤ የሒሳብ ስሌትን ደረጃ በደረጃ መከተል ይከብደዋል፤ የራሱን ማስታወሻ ይዞ መልሶ ማንበብ አይችልም። ብሬል የሚያነብ ሰው ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሳይሰማበት ያነባል፤ የመድኃኒት ዕቃዎቹ ላይ ምልክት ለጥፎ የትኛው ለምን እንደሆነ ራሱ ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመድኃኒቱ ስም በካርቶኑ ላይ በብሬል እንዲጻፍ በሕግ ተደንግጓል።

መቼ ይጀመር?

ቢቻል ልጁ ትምህርት በሚጀምርበት ዕድሜ። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ፣ ለማየት የተመደበው የአንጎል ክፍል ጭምር ይሠራል። አዋቂዎችም መማር ይችላሉ፤ ጊዜና ልምምድ ግን ይበልጥ ይጠይቃቸዋል። የስኳር ሕመም ወይም የሥጋ ደዌ የጣት ስሜትን ሊያደነዝዝ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የተወሰነ እይታ ላለው ሰው ትልልቅ ጽሑፍና ማጉያ መነጽር ሊበቃው ይችላል።

ቤተሰብ በቤት ምን ማድረግ ይችላል?

• ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ቀላቅለው ልጁ በጣቱ እንዲለያቸው ያድርጉ።
• በእንጨት ላይ በሁለት ዓምድ ስድስት ጉድጓድ ቦርቡረው፣ ባቄላ እያስገባና እያወጣ የነጥቦቹን ቦታ ይልመድ።
• ልብሱን ራሱ ይልበስ፣ ቡና ሲፈላ ይርዳ፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት። እጁ ሥራ የለመደ ልጅ ብሬል ይቀለዋል።

የት ይማራል?

ወደ ወረዳዎ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያውን ያነጋግሩ። ብሬል የሚያስተምር መምህር ያለበትን ቅርብ ትምህርት ቤት፣ ስሌትና ስታይለስም የሚገኝበትን ይጠይቁ። በሰበታና በሻሸመኔ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ብሬል መማርን ስለሚያካትት፣ ጥያቄዎ የመብት ጥያቄ ነው።

ከስማዳ በበሽሎ ወንዝ ማዶ ባለው ደቡብ ወሎ፣ ሳይንት የተወለዱት የትነበርሽ ንጉሤ ዓይናቸውን ያጡት በአምስት ዓመታቸው ነው። ሻሸመኔ ተልከው ተማሩ፤ የሕግ ባለሙያ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይናቸው አልተመለሰም፤ ትምህርት ቤት ግን ገብተዋል። የእርስዎም ልጅ ዘንድሮ ይመዝገብ።