በወረርሽኝ ዘመን የልጆች ጭንቀት በምን ይለካል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆች ከጓደኛ፣ ከጨዋታና ከተለመደው የቀን ሥርዓት ተለይተው ለወራት ቤት ዋሉ፤ ትምህርት በአካል የቀጠለው በ2013 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ተማሪያችን ከኋላ፣ በበሩ አጠገብ፣ ይቀመጥ ጀመር። ቀመሩን የረሳ መስሎን ተጨማሪ መልመጃ ሰጠነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች 80,879 ልጆችንና ወጣቶችን ያካተቱ 29 ጥናቶችን አጠቃለው አንድ ውጤት አወጡ። ከአራት ልጆች አንዱ (25.2 በመቶ) ከፍ ያለ የድብርት ምልክት፣ ከአምስት አንዱ (20.5 በመቶ) ከፍ ያለ የጭንቀት ምልክት ታይቶበታል። ከወረርሽኙ በፊት ይጠቀሱ የነበሩት አኃዞች 12.9 እና 11.6 በመቶ ስለነበሩ፣ «በእጥፍ ጨመረ» የሚለው ዜና ዓለምን ዞረ።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲቀርብልን ከመደንገጣችን በፊት «በምን ተለካ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ድብርት በሚዛን አይመዘንም፤ የሚለካው በመጠይቅ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተስፋ መቁረጥና ስለመሳሰለው ይጠይቃል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በሐኪም ቢታይ መልካም ነው ይባላል እንጂ በሽተኛ ነው አይባልም። ይህ መጠይቅ በአማርኛም ተዘጋጅቶ በአገራችን አዋቂዎች ላይ ተፈትሿል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከምን ጋር ተነጻጸረ?» የሚለው ነው። ጠዋት አንዱን ክፍል በአንድ ቴርሞሜትር፣ ማታ ሌላውን ክፍል በሌላ ቴርሞሜትር ለክተን «ሙቀቱ ጨመረ» ብንል ማን ያምነናል? የ2021ዱ ንጽጽር በከፊል ይህ ድክመት ነበረበት፤ ከወረርሽኙ በፊትና በኋላ የተለኩት ልጆች አንድ አልነበሩም። ከ29ኙ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት ደግሞ በምሥራቅ እስያ የተሠሩ ነበሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ማጠቃለያ ግን በ12 አገሮች የሚኖሩ 40,807 ልጆችን የተመለከተ ሲሆን፣ መሠረት ያደረገው እነዚያኑ ልጆች ከወረርሽኙ በፊትም በወረርሽኙ ጊዜም የለኩ ጥናቶችን ነው። የድብርት አማካይ ነጥብ በ0.26 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ የጭንቀት ደግሞ በ0.10 ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። የድብርቱ ጭማሪ በልጃገረዶች ላይ በርትቶ ታይቷል።

«እንግዲያው ወሬው ሁሉ ለከንቱ ነበር» የሚል አይጠፋም። ይህም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት። የልጆቹ ነጥብ ደወል የሚመስለውን የታወቀ ቅርጽ ይዞ ተሰራጭቷል፣ ከ100 ልጆችም 13ቱ ከወሰኑ በላይ ናቸው እንበል። ቅርጹ ሳይለወጥ ደወሉን በሙሉ በ0.26 ወደ ቀኝ ብናንሸራትተው ከወሰኑ በላይ የሚሆኑት 19 ይደርሳሉ። መሐል ላይ ያለው ልጅ ለውጡን ላያስተውለው ይችላል፤ ጫፉ ላይ ግን ቁጥሩ በግማሽ ያህል አደገ። በአንድ ሺሕ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ይህ ስድሳ ልጆች ማለት ነው። እርግጥ የመጠይቅ ነጥብ በትክክል ደወል አይሠራም፤ ስሌታችን ግምት መሆኑ ይታወቅልን።

ስድሳዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ከአማካዩ አይነበብም። በወሰኑ አጠገብ የቆመው ልጅ በክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይስቃል፣ የቤት ሥራውንም ያስረክብ ይሆናል። በበሩ አጠገብ ይቀመጥ የነበረውን ተማሪያችንን «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብለን የጠየቅነው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ረጅም ጊዜ ዝም አለ።