የሊማሊሞ መንገድ የሚጨናነቅበት ምክንያትና የሚሻሻልበት ዘዴ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚወስደው አውራ ጎዳና፥ ደባርቅን እንደ ለቀቀ ሊማሊሞ በተባለው ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ይወርዳል። መንገዱ መጀመሪያ የተቀየሰው ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የተራራው ጠባይ ዛሬም ያው ስለ ሆነ፥ እንዲህ ባለው ስፍራ መኪናዎች ለምን እንደሚጨናነቁና ችግሩ በምን እንደሚቃለል ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ዳገቱ ነው። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ከ1 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ መውጣት አለበት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ጭነት የተሸከመ ካሚዮን በአንደኛ ማርሽ ያዘግማል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ በእርሱ ርምጃ ይሄዳል።

በምሳሌ እንየው። ካሚዮኑ በሰዓት 10፥ አውቶቡሱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፥ 15 ኪሎ ሜትር ዳገት ለካሚዮኑ 90፥ ለአውቶቡሱ 30 ደቂቃ ይፈጃል። መቅደሚያ ቦታ ከሌለ አውቶቡሱ 60 ደቂቃ ያባክናል። ነገር ግን በየ3 ኪሎ ሜትሩ ካሚዮኑ ጥግ ይዞ የሚያሳልፍበት ሰፋ ያለ ቦታ ቢበጅ፥ በአንድ ካሚዮን ምክንያት የሚባክነው ጊዜ ከ12 ደቂቃ አይበልጥም። ገደሉን በሙሉ መቈፈር ሳያስፈልግ ትልቅ ጥቅም ይገኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥምዝ ነው። ረጅም መኪና ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቈርጣሉ። ስለዚህ በቀጥታው መንገድ ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ ስፋት በጥምዙ ላይ አይበቃም። መሐንዲሶች ጥምዙን ከቀጥታው ይልቅ የሚያሰፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጠባብ ድልድይ ነው። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ለመሻገር 30 ሴኮንድ የሚያስፈልግ ቢሆን፥ ከወዲህና ከወዲያ አንድ በአንድ ሲተላለፉ በሰዓት የሚያልፉት 120 ናቸው። አምስት አምስት ሆነው በ4 ሴኮንድ ልዩነት ቢከታተሉ ግን ቡድኑ በ46 ሴኮንድ ያልፋል፤ በሰዓት 390 ያህል መኪና ይሻገራል። እንግዲህ አዲስ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ሁለት ተራ አስከባሪዎች ብዙ ሊረዱ ይችላሉ።

በቁልቁለት በኩል የሚያሠጋው ፍሬን ነው። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲያዝ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። በብዙ ተራራማ አገሮች ከቁልቁለቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣ፥ ልል ጠጠር የተሞላ አጭር ማምለጫ መንገድ ይሠራል፤ ፍሬን የከዳው መኪና ወደዚያ ሲገባ ጎማው በጠጠሩ ውስጥ ሰምጦ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ውሃ ነው። ቦይና ቱቦ ከተደፈነ የክረምት ጎርፍ መንገዱን ከሥሩ ይበላዋል፤ የተስፋፋውም ጥምዝ፥ የተሠራውም ደጋፊ ግንብ አብሮ ይናዳል።

በደባርቅና በዳባት ከተሞች ደግሞ አውራ ጎዳናው የከተማው ዋና መንገድም ነው። በገበያ ቀን እግረኛው፥ አህያው፥ ባጃጁና ካሚዮኑ በአንድነት ይጋፋሉ። የአውቶቡስ ማቆሚያውንና የጭነት ማራገፊያውን ከጎዳናው ገለል ማድረግ፥ ለእግረኛም የተለየ መሄጃ ማበጀት መንገዱን ከማስፋት ይቀላል።

መንገድ ሲታቀድ የአካባቢው ሀብትም መታሰብ አለበት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው የዋልያ ቍጥር በማነሱና ከሌሎችም ምክንያቶች ጋር መንገድ በውስጡ በማለፉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ሲወጣ ከታዩት ማሻሻያዎች አንዱ ከፓርኩ ውጭ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው።

ነገሩ የሰዓት ቍጠባ ብቻ አይደለም። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በዚሁ ጎዳና ላይ ያለው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ፥ በወዲያ ማዶ ለነበረው ችግረኛ ሕዝብ የሚሄደው እህል መሻገሪያ አጥቶ ነበር። ገደልና ወንዝ በበዛበት አገር አንድ ድልድይ ወይም አንድ ጥምዝ ሲዘጋ ሌላ መዞሪያ በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ የውሃ መውረጃው፥ ቀጥሎ መቅደሚያ ቦታውና ጥምዙ፥ ከዚያም ድልድዩና ማምለጫ መንገዱ። ተራ ማስከበሩና የከተማው ሥርዓት ግን ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራ ይችላል።